ጓጉንቸርና በሶ

አንዲት ጠላ ጠምቃ የምታድር ሴት ነበረች፤ ደብሪቱ ይሏታል። ጠላዋ በሰፈሩ የታወቀ ነው፤ ከጠላዋ የበለጠ የታወቀው ግን ጥርጣሬዋ ነበር። ጌሾ ስትገዛ ቅጠሉን አሽታ፣ እንጨቱን ሰብራ፣ ሻጩን ደግሞ ከእግር እስከ ራሱ አይታ ነው። ሰው ቤቷ ገብቶ «እንዴት ዋልሽ» ሲላት፣ «ደህና» ከማለቷ በፊት ምን ፈልጎ እንደመጣ ታስባለች። ሰፈርተኛው «ደብሪቱ እኮ ጥላዋ ሲከተላት ዞር ብላ ‹ማነህ› ትላለች» እያለ ይቀልድባታል። እሷም ቀልዱን ትሰማለች፤ ሰምታም ማን እንደጀመረው ታጣራለች።

ያለ ምክንያት አልነበረም። ልጅ ሳለች አንዲት አክስቷ ከተማ ወስጄ አስተምራታለሁ ብላ ከእናቷ ጉያ ወሰደቻት። ደብተርና ቦርሳ አንግታ የሄደችው ልጅ ያረፈችው ማድ ቤት ነው። ቦርሳዋ የሽንኩርት ማስቀመጫ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ አታውቅም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ለሌላው ሰው ተረት ነው፤ ለደብሪቱ ግን የገዛ ታሪኳ ነበር።

በአንድ ነገር ብቻ ከድሮ ሰዎች ልማድ ፈቅ ብላ አታውቅም። ለእንግዳ ጠላ ስትቀዳ፣ አስቀድማ ጥቂት በመዳፏ ላይ ታንቆረቁርና በእንግዳው ፊት ትጠጣለች። ከዚያ ጣሳውን ታቀብለዋለች። የምሰጥህ እኔም የምጠጣውን ነው፣ አትስጋ ማለቷ ነው። ለቤት ሰው ግን አይቀመስም። መቅመስ ለባዳ ነው።

ያለቻት አንዲት ልጅ ናት፤ ምንታምር። አባቷ በሕይወት የለም። ልጅቷ ረጋ ያለች፣ የታዘዘችውን የማታዛንፍ ነበረች። እናቷ ያቋረጠችውን መንገድ እሷ ቀጥላ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሰች፤ ዩኒቨርሲቲም ደረሳት፤ በሩቅ ከተማ። ደብሪቱ ዜናውን የሰማች ዕለት እልል አለች፤ እልልታዋን ግን አልጨረሰችውም። እሷም በልጅነቷ እንዲህ እልል ተብሎላት ነው የሄደችው።

ደብሪቱ በምትኖርባት ከተማ አንድ ልማድ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱት ልጆች ወደየዩኒቨርሲቲያቸው ከመበተናቸው በፊት ትምህርት ቤቱ ወላጆችን ይጠራል። ወላጅ ሁሉ በተራ እየተነሳ ልጆቹ ስንቅ የሚያደርጉትን አንድ ቃል ይሰጣል። አንዱ አባት በርትታችሁ ተማሩ አለ፤ አንዷ እናት ፈጣሪያችሁን አትርሱ አለች፤ ሌላው ከሱስ ራቁ ብሎ ተቀመጠ። ልጆቹ እያዛጉ ነበር። ደብሪቱ ስትነሳ ግን ቀና አሉ።

«ሰው አትመኑ» አለች። «የሰጧችሁን አትብሉ፣ ያላችሁን አታሳዩ፣ የቆለፋችሁትን ለማንም አትክፈቱ። ሰጪው ራሱ ካልቀመሰው ውኃም ቢሆን እንዳትጠጡ።»

ከሁሉም በላይ የተጨበጨበው ለሷ ነው። እናቶች እርስ በርስ እየተያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። መድረኩን የሚመሩት አዛውንቱ መምህር አስናቀ ብቻ አላጨበጨቡም፤ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ ጠየቋት።

«ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ምክርዎ ጠንካራ ነው። ለመሆኑ ልጆቻችን እዚያ የሚያገኟቸው የማን ልጆች ናቸው?»

«የሰው ልጆች ናቸዋ፤ የማን ይሆናሉ?» አለች። ሰዉ ሳቀ። መምህሩም አብረው ሳቁና ሌላ ወላጅ ጠሩ።

ደብሪቱ ግን እስከ ቤቷ ድረስ ጥያቄው አልለቀቃትም። ምን ፈልገው ነው? ትምህርቴን ስላልጨረስኩ በሰው ፊት ሊያሳፍሩኝ ይሆን? ከዚያ ቀን በኋላ መምህሩን መንገድ ላይ ስታይ ሰላምታዋን አሳጠረች።

የመሄጃው ቀን ሲቃረብ ገብሱን ቆልታ፣ ፈጭታ፣ በሶውን በነጭ ከረጢት ሞላችው። ዳቦ ቆሎውንም ለብቻው አደረገች። የከረጢቱን አፍ እሷ ብቻ በምታውቀው ቋጠሮ አሰረችው። ከዚያ አንድ ጓጉንቸር አመጣች፤ የልብስ ሻንጣ ሳይሆን የእህል መጋዘን የሚዘጋ የሚመስል፣ ከበድ ያለ ጓጉንቸር። መክፈቻውን ከልጅቷ ማተብ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችላት።

«ስትተኚም እንዳታወልቂው» አለቻት።

«ስታጠብስ?»

«ስትታጠቢማ ይበልጥ ያዢው።»

ምንታምር ሄደች። መጀመሪያ ላይ በየጊዜው ትደውል ነበር። ዶርሟ ውስጥ ከሷ ጋር ሦስት ልጆች እንዳሉ፣ ሁሉም ከየአገሩ እንደመጡ ነገረቻት። ሃዊ የምትባለው ሳቂታ ናት አለች፤ ደብሪቱ ምን እንደሚያስቃት ጠየቀች። ሙሪዳ የምትባለው ብርቱካን እንደሰጠቻት ነገረቻት፤ ደብሪቱ በልተሽው እንዳይሆን አለቻት። አልበላሁትም ስትላት፣ ጎበዝ የኔ ልጅ ብላ መረቀቻት። ሦስተኛዋ ዝምተኛ ናት ስትል ደግሞ፣ ዋናዋ እሷ ናት፣ ከሷ ተጠንቀቂ አለች። የሚስቀውንም የሚሰጠውንም ዝም የሚለውንም ጠረጠረችው።

እያደር የልጅቷ ድምፅ ቀዘቀዘ። ስልኩ አጠረ። ደህና ነኝ ትላለች፤ እናቷ ደግሞ ደህና ያልሆነ ሰው ደህና ነኝ ሲል ትለየዋለች፤ ሲጠጣ የሚውለውን ሰው ሁሉ ስታይ ኖራለቻ።

አንድ ቀን ከሰዓት ምንታምር ሳትደውል፣ ሳትጠራ፣ የመጀመሪያው ፈተና ገና ሊጀመር ሲል ያንኑ ሻንጣዋን እየጎተተች ከበሩ ደረሰች። ከስታለች። እናቷን ስማ ገባች፤ አሞኛል፣ ተመልሼም አልሄድም አለች፤ ሻንጣውን አልጋው ሥር አስገብታ መቆለፉን በእጇ ነካ አድርጋ አረጋገጠች። በገዛ ቤቷ።

ደብሪቱ ይህን አየች። አእምሮዋ ሥራ ጀምሮ ነበር። ወንድ ነው? በሽታ ነው? ወይስ ፈተናውን ፈርታ ነው? እያሰበች ማር በጥብጣ ብርዝ አዘጋጀች፤ ኩባያውን ሞልታ ለልጇ ሰጠቻት።

ምንታምር ኩባያውን ተቀብላ አየችው። አሸተተችው። ከዚያ ወደ እናቷ መለሰችውና በዝግታ፣ እንደ ልማድ፣

«መጀመሪያ አንቺ ቅመሺው» አለች።

ሁለቱም ደነገጡ። ልጅቷ ከአፏ የወጣው ምን እንደሆነ የገባት ካለችው በኋላ ነው። ደብሪቱ በቤቷ ለስንት ባዳ በመዳፏ ቀምሳለች፤ ከማህፀኗ የወጣች ልጅ እንድትቀምስላት ስትጠይቃት ግን የመጀመሪያዋ ነው። ኩባያውን ተቀበለች፤ ብርዙን በመዳፏ ላይ አንቆረቆረችና ጠጣች።

«ይኸው፣ ልጄ። ጠጪ» አለች።

ያኔ ምንታምር ማልቀስ ጀመረች። እያለቀሰችም ነገሩን ሁሉ ነገረቻት። ሃዊ የሟች አባቷ የእጅ ሰዓት ነበራት፤ እንደ ዓይኗ ብሌን የምትሳሳለት። ሰዓቱ ከዶርሙ ጠፋ። ትራስ ተነሳ፣ ፍራሽ ተገለበጠ፣ ሁሉም ሎከራቸውንና ሻንጣቸውን ከፈቱ። ምንታምር ብቻ አልከፈተችም። ድሮም «ጓጉንቸር» የሚል ስም አውጥተውላት ነበር፤ ብቻዋን ትበላለች፣ ብቻዋን ትሄዳለች፣ የሰጧትን አትቀምስም፣ ያላትን አታሳይም። አሁን ደግሞ ምን ደብቃ ነው የማትከፍተው አሉ። ከዚያ ቀን ወዲያ ስትገባ ወሬ ይቋረጣል፤ ስትወጣ ዕቃቸውን ይቆጥራሉ።

«ታዲያ ለምን አልከፈትሽላቸውም?»

«አንቺ ለማንም አትክፈቺ ብለሽኝ የለ።»

ደብሪቱ ዓይኗን አልጋው ሥር ወዳለው ሻንጣ መለሰች። ያኔ፣ እግዜር ይቅር ይበላት፣ አንድ ሐሳብ እንደ ጭስ ሾልኮ ገባባት። ብትወስደውስ? ሰው እኮ ነች። ሐሳቡን ልትመልሰው ሞከረች፤ አልመለስ አላት።

«እስቲ ክፈቺው» አለች።

ምንታምር ቀና ብላ አየቻት። «አንቺም?» አለችና መክፈቻውን ከአንገቷ አወለቀች።

ሻንጣው ተከፈተ። ሰዓት የለም። ያለው ልብስ፣ መጽሐፍ፣ ዳቦ ቆሎ፣ እና ያ ነጭ የበሶ ከረጢት ነው። ከረጢቱ አልተነካም። የደብሪቱ ቋጠሮ እንዳሰረችው አለ። ልጅቷ እየራባት እንኳ አልፈታችውም፤ በሰው ፊት ብበጠብጥ ያለኝን ማሳየቴ ነው፣ ተደብቄ ብበላም እታያለሁ ብላ። ደብሪቱ ቋጠሮውን በጣቷ ዳሰሰችው። ስንቅ ነው ብላ የሰጠቻት፣ ልጇን ያሰረችበት ገመድ ሆኖ ተመለሰ።

ያን ቀን ብዙ አሰበች። ይህ መዳፍ ላይ ቀምሶ የመስጠት ልማድ ሰውን ሁሉ በሚያምኑ ሰዎች የተፈጠረ አይደለም። እንደሷ የሚጠራጠሩ፣ ምናልባትም ከሷ የባሱ ሰዎች ናቸው ያወጡት። ሆኖም ተጠራጥረው አልተዘጋጉም። ሰጪው ቀድሞ ይቅመስ አሉ። በዚህም አብረው ጠጡ። እሷ ግን ለልጇ ያወረሰቻት ግማሹን ነው፤ ካልቀመሱልሽ አትቀበዪ አለቻት እንጂ፣ ቀምሰሽ ስጪ አላለቻትም።

«ተነሺ፣ እንሄዳለን» አለች። ምንታምር አልሄድም ብላ ተከራከረች፤ ሌባ ወደተባለችበት የሚመለስ ማን አለ አለች። ደብሪቱ ግን እኔ አንዴ ከትምህርት ቤት ወጥቼ አልተመለስኩም፣ አንቺ ትመለሻለሽ ብላ ነጠላዋን አጣፋች።

ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ሲደርሱ ጥበቃዋ ደብሪቱ የያዘችውን ጀሪካን አይታ አስቆመቻት፤ ከፍታ አሸተተችው፤ ምንድን ነው ብላም አፈጠጠችባት። ደብሪቱ ሳትናገር በመዳፏ ቀድታ ጠጣች። ጥበቃዋ ስቃ፣ «ለኔስ?» ብላ እጇን ዘረጋች። ብርዝ ነበር።

ልጆቹን ግን ውስጥ ገብታ ማናገር አልፈለገችም፤ ከበሩ ፊት ለፊት ካለ ዛፍ ሥር ነጠላ አንጥፋ ተቀመጠችና ምንታምርን ጥሪያቸው ብላ ላከቻት። ለምንታምር ባይመጡም ለእናት መጡ። ሦስቱም ጎን ለጎን፣ ራቅ ብለው ቆሙ። የምታለቅስ እናት ይሁን የምትሳደብ፣ ምን እንደሚጠብቃቸው አላወቁም። ደብሪቱ አቋቋማቸውን አወቀችው። እሷም እንዲህ ነው የምትቆመው።

አልተሳደበችም። ሻንጣውን በፊታቸው ከፈተች፤ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ እያወጣች ነጠላው ላይ ዘረጋችው። ሃዊ ላለማየት ብትሞክርም ዓይኗ ፈለገ። ሰዓቱ የለም። ሆኖም ፊቷ አልተፈታም። ደብሪቱ ልጅቷ የምታስበውን እንደ ራሷ ሐሳብ ሰማችው፤ አገሯ ወስዳ ደብቃው ቢሆንስ? የሚጠረጥር ሰው ቢከፍቱለትም አይጠግብም። እሷ በሃዊ ቦታ ብትሆን ያንኑ ነበር የምትለው።

ስለዚህ ክርክሩን ተወችው። የከረጢቱን ቋጠሮ በጥርሷ ጭምር ፈታችው፤ በሶውን በሳህን ላይ በብርዝ ለወሰችው። መጀመሪያ ራሷ ጎረሰች። ከዚያ ሳህኑን ለምንታምር አቀበለቻት። ምንታምር እናቷን አየች፤ ገባት። በሦስቱም ፊት ጎረሰችና እጆቿን ዘርግታ ሳህኑን ወደ እነሱ ያዘች።

«ቀምሼዋለሁ» አለች። «ብሉልኝ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። በመጨረሻ ሙሪዳ፣ ያቺ ብርቱካን ሰጪዋ፣ ሳቋን መያዝ አቅቷት፣ «እኔማ ይሄ በሶ ተሸፍኖ እንኳ ሲሸተኝ ነው የከረምኩት» ብላ ቁጭ አለች። ዝምተኛዋም ተከተለቻት፤ ከሁሉም ብዙ የበላችው እሷ ነበረች። ሃዊ መጨረሻ ላይ ይሉኝታ ያዛትና ተቀመጠች። ደብሪቱ ለብቻ በጎድጓዳ ሳህን ሰጠቻት። በላች።

በልታ ስትጨርስ ሃዊ ሳህኑን ልትመልስ ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። እሷም እናት አሳድጋታለች፤ የሰው ዕቃ ባዶውን እንደማይመለስ ታውቃለች። ብትጠረጥርም፣ ብትቀየምም፣ ባዶ ሳህን ለእናት መመለስ አፍራ፣ «መጣሁ» ብላ ወደ ዶርም ሄደች። እሷም ለፈተና ጊዜ ብላ ቋጥራ ያስቀመጠችው በሶ ነበራት።

ቆየች። ሙሪዳ፣ ሳህኑን ይዛ ጠፋች ብላ ቀለደች። ደብሪቱ ጥበቃ እየጠራችብን ይሆን ብላ ጠረጠረች፤ ይህ በአንድ ቀን የሚለቅ ነገር አይደለም።

ሃዊ ስትመለስ በዝግታ ነው የምትራመደው። ሳህኑ በበሶ ሞልቷል። በበሶው ላይ ዱቄት የለበሰ የእጅ ሰዓት ተቀምጧል። ይሠራል።

ነጠላው ጫፍ ላይ ተንበረከከች። ምንታምርን ለማየት አልቻለችም፤ ለደብሪቱ ነው የነገረቻት። ሰዓቱ እንዳይሰረቅባት አንድ ቦታ አታስቀምጠውም ነበር። ዛሬ ትራስ ውስጥ፣ ነገ ጫማ ውስጥ፣ ሌላ ቀን ካልሲ ውስጥ እያለች መደበቂያ ስትለዋውጥ፣ በሶ ውስጥ መቅበሯን ረሳችው። ሁሉም ቦታ ፈለገች፤ የራሷን ከረጢት ብቻ አልፈታችም።

«በሶ ውስጥ መደበቅን ማን አስተማረሽ፣ ልጄ?» አለቻት ደብሪቱ።

«እናቴ። ስንቄን ስትቋጥርልኝ ‹ሰው አትመኚ› ብላኝ ነው፣ እማማ።»

«እኔንም» አለች ሙሪዳ። ዝምተኛዋ አሁንም አልተናገረችም፤ አንገቷ ላይ ያለውን ገመድ ከልብሷ ሥር መዝዛ አሳየቻቸው። መክፈቻ ነበረው።

ደብሪቱ የጠላ ቤት ሴት ናት፤ በሰው ፊት አታለቅስም። ያን ቀን ግን አለቀሰች። የመምህር አስናቀ ጥያቄ ያኔ ነው መልስ ያገኘላት። ልጆቻችን እዚያ የሚያገኟቸው የማን ልጆች ናቸው? እሷ «ሰው አትመኚ» ስትል፣ በሌላ አገር ሌላ እናት ስንቅ እየቋጠረች ያንኑ ትል ነበር። ያቺ እናት «ሰው» ያለቻት የደብሪቱን ልጅ ነው።

ሃዊ ወደ ምንታምር ዞረች። ይቅርታ ማለት ፈልጋ ቃል አጣች። ከሳህኑ በሶ ቆነጠረች፣ ራሷ ቀመሰች፣ ከዚያ በእጇ ወደ ምንታምር አፍ አስጠጋች። ምንታምር አላሸተተችውም። አፏን ከፈተች።

ምንታምር ለፈተናው ቀረች። ጓጉንቸሩም ቀረ፤ ሌባ ከዓለም አልጠፋምና ሻንጣ መቆለፍ ነውር አይደለም። መክፈቻውን ግን ከአንገቷ አውልቃ አራቱም በሚያዩት ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ደብሪቱ ወደ ቤቷ ስትመለስ የሃዊን በሶ በሳህኗ ይዛ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ምንድን ነው ብሎ ጠየቃት። ከልማዷ ምን ፈልጎ ነው አለች በልቧ። ከዚያ ቆንጥራ ቀመሰችና ሳህኑን ዘረጋችለት።

ወገኖቼ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ስንሸኝ ሁላችንም ጓጉንቸር እንገዛለን። እንግዛ። ጥርጣሬም ስንቅ ነው፤ ልጅን ዓይኑን ጨፍኖ የሚልከው ሰነፍ ብቻ ነው። ነገር ግን ዘግቶ የሚጠብቅ ሁሉ ዘግቶ ከሚጠብቅ ሌላ ሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ያድራል፤ አንዱ ቀድሞ ካልከፈተ ሁለቱም እየራባቸው፣ ስንቃቸው እንደተቋጠረ ይከርማሉ። መታመን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ይቅመስ። ልጆቻችን ትምህርቱን እዚያ ይማሩታል፤ ይህን ግን ከቤት ይዘው ካልሄዱ የሚያስተምራቸው የለም።

እስቲ እናንተም የሸኛችሁትን ልጅ አስቡት። ዛሬ አንዲት የማታውቋት እናት ለልጇ ስልክ ደውላ ተጠንቀቅ የምትለው ከማን ይመስላችኋል?